ኮሽ ሲል የሚባንን ሰው አጠገብዎ ተኝቶ ሌሊት ለሥራ ሲነሱ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ሳይነጋ የሚነሳ ሰው ብዙ ነው። የጠዋት ፈረቃ የሚገባ የፋብሪካ ሠራተኛ አለ። ዳቦ ጋጋሪ አለ። በጨለማ መናኸሪያ መድረስ ያለበት ሹፌርና ረዳት አለ። መረቡን ሊያነሳ ወደ ጣና የሚወርድ አሳ አስጋሪ አለ። 11 ሰዓት ላይ እዚህ ዓመቱን ሙሉ ጨለማ ነው። ብዙዎቻችን ደግሞ የምንኖረው አንድ ክፍል ተከራይተን ነው። አልጋውም፣ ቁም ሳጥኑም፣ ምድጃውም እዚያው ናቸው። «ሌላ ክፍል ገብተው ይልበሱ» የሚለው ምክር ለእኛ አይሠራም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ከባዱ እንቅልፍ የሚበዛው በሌሊቱ መጀመሪያ ላይ ነው። ወደ ንጋት ሲቃረብ እንቅልፍ ይሳሳል። እኩለ ሌሊት ላይ ጭራሽ ያልተሰማ ድምፅ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ያባንናል። ሰውነት በዚያ ሰዓት አብዛኛውን እንቅልፉን ስለጠገበ፣ አንዴ ከነቁ መልሶ መተኛት ከባድ ነው። «ገና ሁለት ሰዓት አላት፣ ትተኛለች» ብለው አይጽናኑ።

አላርም ማስደጋገም

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። እርስዎ «አምስት ደቂቃ ብቻ» ብለው ያጠፉትና ጭልጥ ይላሉ። አጠገብዎ ያለው ሰው ግን አይተኛም። ዓይኑን ጨፍኖ ቀጣዩን ጩኸት ይጠብቃል። በዚያ ላይ «ሊረፍድበት ነው» የሚል ስጋት ይጨመርበታል። እንቅልፋቸው ቀላል የሆነ ሰዎችን ከድምፁ ሌላ ይህ ስጋትም ይቀሰቅሳቸዋል። አንዳንዱማ አላርሙ ሳይጮህ ቀድሞ ነቅቶ ሰዓት ያያል። መፍትሔው በመጀመሪያው ጥሪ ብድግ ማለት ነው። ሳያዛንፍ ሲነሳ የከረመ ሰው አጠገቡ ያለ እንደሆነ፣ የተኛው ሰው የሌላውን ሰዓት መጠበቁን ቀስ በቀስ ይተዋል።

እጅ ላይ ታስሮ የሚንቀጠቀጥ ስማርት ሰዓት ካገኙ በጣም ጥሩ። ስልኩን ቫይብሬት ላይ አድርጎ ባዶ ኮመዲኖ ላይ ማስቀመጥ ግን ከደወሉ አይሻልም። እንጨቱ ድምፁን ያጎላዋል። የታጠፈ ፎጣ ላይ ያድርጉት። ትራስ ስር አይክተቱት፤ በተለይ ቻርጅ ላይ ሆኖ ሊግል ይችላል። ለመጠባበቂያ የሞሏቸውን ሁለተኛና ሦስተኛ አላርሞች ያጥፏቸው። እነሱ የሚጮኹት እርስዎ ውጭ ፊትዎን ሲታጠቡ ነው።

አጎበሩን መጎተት፣ ከፍቶም መሄድ

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ወባ አለ። በተለይ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ያለ አጎበር መተኛት አይመከርም። አጎበሩ ፍራሽ ስር ተጠቅጥቋል። በጨለማ ጎትተው ሲያወጡት ፍራሹ ይነቃነቃል፣ መረቡም የተኛው ሰው ፊት ላይ ይወድቃል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ከፍቶ ጥሎ መሄድ ነው። የወባ ትንኝ እስከ ንጋት ትናከሳለች። ጆሮ ስር ጥዝዝ የምትል አንዲት ትንኝ ከእርስዎ ኮቴ በላይ ትቀሰቅሳለች።

ማታ ሲተኙ በእርስዎ በኩል፣ ወገብዎ ትይዩ ያለውን ጠርዝ እጅግ ወደ ውስጥ አይጠቅጥቁት። መዳፍ የሚያህል ብቻ ይግባ። ሲነሱ እሱን ብቻ ፈታ ያድርጉ፣ መጀመሪያ እግርዎን ያውርዱ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው ይውጡ። ፍራሹን ሳያነሱ በመዳፍዎ ገፋ ገፋ አድርገው ይመልሱት። አልጋው ከግድግዳ የተጠጋ ከሆነ ደግሞ ሌሊት የሚነሳው ሰው በውጭ በኩል ይተኛ። ለዓመታት በለመዱት በኩል መተኛት የሚመርጡ አሉ፤ ሆኖም በየሌሊቱ ሰው ላይ ከመሻገር ቦታ መቀያየር ይሻላል። አልጋው ሲጥ ሲጥ የሚል ከሆነም ብሎኖቹን ያጥብቁ።

ጠዋት ላይ ዕቃ መፈለግ

ሌሊት ድምፅ የሚያሰማው መሄድዎ ሳይሆን መፈለግዎ ነው። ከሁሉ ክፉው ፌስታል ነው። ምሳ ዕቃዎን በፌስታል የሚጠቀልሉ ከሆነ ማታውኑ ወደ ጨርቅ ቦርሳ ይለውጡት። የሱሪ ኪስ ውስጥ ያለ ሳንቲም፣ የቀበቶ ዘለበት፣ የቁልፍ ዘለላ፣ ሁሉም እንደዚሁ ናቸው። ልብሱ፣ ካልሲው፣ ባጁ በሚለብሱበት ተራ ማታ አንድ ወንበር ላይ ይደርደሩ። ቁልፉ ካልሲው ውስጥ ይግባ። ውኃውን በባልዲ ቀድተው ያሳድሩት፤ ባዶ ባልዲ ውስጥ የሚወርድ ውኃ ግቢውን በሙሉ ይቀሰቅሳል። ቡናውን ማታ አፍልተው በፔርሙዝ ቢይዙት ጥሩ ነው። በሌሊት ሙቀጫ ማንሳትማ አይታሰብም።

መብራቱን በአጭሩ፦ አምፖል አያብሩ። የስልክዎን ባትሪ በጣቶችዎ ሸፍነው ወደ ወለሉ ብቻ ያብሩ።

በሩን ችላ ማለት

የላሜራ በር ካለዎት ችግሩ ማጠፊያውና መቀርቀሪያው ላይ ነው። የምግብ ዘይት አይቀቡት፤ አቧራ ይሰበስብና ይጣበቃል። ግሪስ ወይም ትንሽ የሞተር ዘይት ይበቃዋል። መቀርቀሪያውን ሲስቡ በሌላ እጅዎ በሩን ትንሽ ወደ ላይ ደገፍ ያድርጉት። ደግሞ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባለቤትዎ አልጋው ላይ ጋደም ብለው ዓይናቸውን ይጨፍኑ። እርስዎ ሌሊት የሚያደርጉትን ሁሉ ያድርጉ። የትኛው ድምፅ እንደሚረብሽ የሚያውቀው የተኛው ሰው ነው። ብዙ ጊዜ እርስዎ ያልጠረጠሩት ነገር ሆኖ ይገኛል።

ባጃጁን በር ላይ ማስጮህ

በኮንትራት የሚመጣ ባጃጅ ጥሩምባ ካሰማ፣ የግቢው ውሻ ይቀጥላል፣ ከዚያ ያለው ይታወቃል። ከአስፋልቱ ዳር እንዲጠብቅ ይንገሩት። መንገዱ ጨለማና ጭር ያለ ከሆነ ግን፣ በተለይ ለሴቶች፣ የማንም እንቅልፍ ከደኅንነት አይበልጥም። እንደዚያ ሲሆን በሩ ላይ መጥቶ ሞተሩን ያጥፋ፣ ሚስድ ኮል ያድርግ። የእርስዎን ስልክ ሳይለንት ላይ ማድረግ አይርሱ።

ፍጹም ጸጥታን መሻት

የሚቀሰቅሰው የድምፁ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ድንገተኛነቱም ነው። የኪዳኑን ድምፅ ማጉያና አዛኑን የለመደ ሰው በእንቅልፍ ልቡ ያሳልፋቸዋል። ጭር ባለ ቤት ውስጥ ግን የማንኪያ ድምፅ እንደ ደወል ይሰማል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ቬንትሌተር የሚያሳድር ሰው በዚህ ዕድለኛ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚዞር ቬንትሌተር ትንንሹን ኮሽታ ይውጠዋል። ሲወጡ ታዲያ እንዳያጠፉት! ድምፁ ድንገት ሲቆምም ሰው ይነቃል።

«ተኝተሻል?» ብሎ መጠየቅ

በሹክሹክታም ቢሆን አይጠይቁ። የተኛ አእምሮ ከሌላ ቃል ይልቅ ለገዛ ስሙ ንቁ ነው፤ «አልማዝዬ» ካሉ አበቃ። ሳይሰናበቱ መውጣት ክፉ መስሎ የሚታየን ብዙ ነን። ስንብቱን ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ጨርሱት። የጠዋት መልእክትም ካለዎት ነግቶ 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ ይላኩት።

በይሉኝታ ዝም መባባል

«ምንም አልሰማሁም፣ ተኝቼ ነበር» የሚለውን መልስ ወዲያው አይመኑት። የማይነቁ መስለው የሚያነጉ አሉ። ሻይ ሳያፈሉ ባል ከቤት ከወጣ ሰው የሚያማቸው እየመሰላቸው የሚነሱ ሚስቶችም አሉ። እንቅልፍ የምትፈልግ ሴት ቁርስ አላቀረበችም ተብሎ ቅር መሰኘት አይገባም። «አትነሺ፣ እኔ አዘጋጅቻለሁ» ብሎ አፍ አውጥቶ መናገር ያስፈልጋል፤ ተናግሮም ማታ ማዘጋጀት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ፣ እርስዎ በማይነሱበት የዕረፍት ቀን ሳይቀር ባለቤትዎ እንቅልፍ የሚያጡ ከሆነ ግን ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ እየሆነ 3 ወር ከዘለቀ፣ ሐኪም ያማክሩ። ሲሄዱም ማታ ስንት ሰዓት እንደሚተኙ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነቁና ከሰዓት በኋላ ቡና ይጠጡ እንደሆነ ጽፈው ይዘው ይሂዱ።