ውክልና የያዘው ዘመድ ዝም ሲል፦ የድሬዳዋና የሐረር ይግባኝን ከውጭ ሆኖ ለሚከታተል

ወደ ድሬዳዋ ተመልሼ ከገባሁ ወዲህ ከውጭ አገር የሚደውሉልኝ ወዳጆች ጥያቄ በአብዛኛው አንድ ነው፦ «ፍርዱ በእኛ ላይ ወጥቷል፤ ይግባኝ የምንለው የት ነው?» ለዚህ መልስ መስጠት አይከብድም። እኔ የእናቴን ቤት ጉዳይ ያጣሁት ግን ይግባኙ የት እንደሚቀርብ በሚገባ እያወቅሁ ስለሆነ፣ የበለጠውን ቦታ ለሌላው ነገር እተዋለሁ።

ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት በመሆኑ ሁለት ዓይነት ፍርድ ቤቶች ጎን ለጎን ይሠሩባታል። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የወሰነው በይግባኝ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ከፍተኛው ራሱ በመጀመሪያ ደረጃ ሥልጣኑ አይቶ የወሰነው ደግሞ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ይቀርባል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የከተማዋ ቻርተር ያቋቋማቸው የአስተዳደሩ ፍርድ ቤቶች የራሳቸው ይግባኝ ሰሚ ስላላቸው፣ የውሳኔውን ራስጌ ሳታነቡ «ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውሰደው» ብላችሁ ሰው አትላኩ። ሐረር ክልል በመሆኗ የራሷ ፍርድ ቤቶች አሏት፤ ጫፉ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲሆን በክልሉ ሕግ ጉዳይ የመጨረሻ ውሳኔ ባገኘ መዝገብ ላይ በሰበር፣ ማለትም መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ብቻ ለይቶ፣ የማየት ሥልጣንም አለው። የፌዴራል ጉዳዮችን ሳይቀር የክልል ፍርድ ቤቶች በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት በውክልና ያያሉ። አገሩ ራሱ በውክልና የሚሠራ ነው፤ ልዩነቱ የእነርሱ ውክልና ወሰኑ በግልጽ ተጽፎ መቀመጡ ነው።

ከሁሉም በላይ አዲስ አበባ የሚገኘው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት አለ። ይህ ችሎት ምስክር እንደገና አይመዝንም፤ የሚያየው የመጨረሻ ውሳኔ ባገኘ ጉዳይ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖር አለመኖሩን ብቻ ነው። ማመልከቻው የመጨረሻው ውሳኔ ከተሰጠ በ90 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። «ችግር የለም፣ ሰበር አለ» የሚላችሁ ዘመድ ይህን ልዩነት የሚያውቅ ስለማይመስለኝ አትመኑት።

ለመደበኛው ይግባኝ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የሚሰጠው ጊዜ ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው። በቂ ምክንያት ያለው ሰው ጊዜው ካለፈ በኋላ የማስፈቀጃ ማመልከቻ ማቅረብ ይችላል፤ ነገር ግን የወኪል ወይም የጠበቃ ቸልተኝነት እንደ በቂ ምክንያት አይቆጠርም። ውጭ አገር ለሚኖር ሰው ከሕጉ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ የወከላችሁት ሰው ሲተኛ በሕግ ፊት የተኛችሁት እናንተ ናችሁና።

የእኔ ወኪል የአጎቴ ልጅ ነበር። አብረን ያደግን፣ እናቴን የቀበረልኝ፣ እኔ በሌለሁበት ድንኳን ጥሎ ለቀስተኛ የተቀበለ ሰው ነው። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት በቤቱ ጉዳይ ለተከራካሪያችን ሲፈርድ፣ በየሳምንቱ እየደወልኩ ስጠይቀው «ግልባጩ ገና አልተተየበም፤ ሬጅስትራሩ ነገ ና እያለ ያመላልሰኛል» ይለኝ ነበር። የቢሮ ነገር እንዲህ እንደሆነ ስለማውቅ አመንኩት፤ ለባጃጅና ለሻይ እያልኩም ገንዘብ ላክሁለት። በሦስተኛው ወር ጠበቃ ያዝኩና ግልባጩን በስልክ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ ጠየቅሁት። በመጨረሻው ገጽ ጀርባ ላይ፣ ከወይን ጠጁ ማኅተም አጠገብ፣ ግልባጩ የተጠየቀበትና የተሰጠበት ቀን በእስክሪብቶ ተጽፎ ነበር፤ ወረቀቱ የወጣው ፍርዱ በተሰጠ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። የተቀበለው ሰው ፊርማ የአጎቴ ልጅ ነው፤ በልጅነታችን ደብተሩ ላይ ሲለማመደው ያየሁት ያው ፊርማ።

በኋላ እንደተረዳሁት፣ በዚያው ግቢ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ከነቤተሰቡ ያለ ኪራይ ይኖር ነበር፤ ፍርዱ የወጣለት ወገንም እንዳያስለቅቀው ቃል ገብቶለታል። ይግባኙ ቢሳካልኝ ቤቱን እሸጠዋለሁ ብዬ ነግሬው ስለነበር፣ የእኔ ማሸነፍ እርሱን ከነልጆቹ ሜዳ ላይ የሚጥል ነበር። ሌባ ነው ብዬ አላውቅም፣ ዛሬም አልልም። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ በንብረቱ ላይ የሚኖረውን ሰው የንብረቱ ተሟጋች አደረግሁት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የማስፈቀጃ ማመልከቻዬን በአንድ ገጽ ትእዛዝ ዘጋው፤ ሕጉን ሳነበው ሌላ ምን ሊል እንደሚችል አልታየኝም።

ስለዚህ ወኪል ስትመርጡ ስለ ጨዋነቱ ከመጠየቃችሁ በፊት የት እንደሚኖር፣ ከማን ጋር እንደሚሠራ፣ ብትሸነፉ ምን እንደሚቀርበትና ምን እንደሚተርፈው ጠይቁ። የተቸገረ ወንድም ከደላው ባዳ ይሻላል የሚለው የቤተሰብ ሸንጎ ሐሳብ ለእድር ይሠራል፣ ለክርክር ግን አይሠራም። እናቶች «የሥጋ ዘመድህን ትተህ ለጠበቃ ገንዘብ ትከፍላለህ?» ብለው ሲቆጡ በአክብሮት እሺ በሉና ክፈሉ። ጠበቃውንም ፈቃዱ በየትኛው ፍርድ ቤት እንደሚያስቆመው አስቀድማችሁ ጠይቁት።

ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተፈርሞ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ያልፋል። «ጠቅላላ ውክልና» የሚለው ርእስ አያታላችሁ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት ክስ ለማቅረብም ሆነ ለመከላከል፣ ለመታረቅና የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ይግባኝና ሰበር ማቅረብን በስም አስጽፉ፤ መታረቅንና መሸጥን ካልፈለጋችሁ አታስገቡ።

ይግባኝ መጠየቅ ብቻውን አፈጻጸምን አያቆምም፤ እግዱን በተለየ አቤቱታ አስጠይቁ። ይግባኝ ሰሚው መልስ ሰጭውን ሳይጠራ መዝገቡን ሊዘጋ ስለሚችል፣ ወኪላችሁን «እንዴት ነው?» ከማለት ይልቅ «ያስቀርባል (መልስ ሰጭው ይጠራ) ተብሏል ወይስ አልተባለም?» ብላችሁ ጠይቁት። ጉዳዩ የውርስ ወይም የጋብቻ ሆኖ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ከተከፈተ ደግሞ፣ መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ በ1992ቱ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ መሠረት በፍርድ ቤቱ ሥልጣን እንደተስማማ ይቆጠራል፤ ስለዚህ የማትፈልጉት ከሆነ ዝም አትበሉ፣ ቀርባችሁ ተቃወሙ።

ውክልና ስትሽሩም ለወኪሉ በስልክ መንገር አይበቃም። የሽረቱ ሰነድ ውክልናው በተመዘገበበት ቢሮ ብቻ ሳይሆን በፍርድ ቤቱ መዝገብ ውስጥም ይግባ፤ የአጎቴ ልጅ ከሻርኩት በኋላ አሮጌውን ኮፒ ይዞ አንድ ቀጠሮ ላይ ቀርቦ ነበርና።