የገና ልብስ ሲገዙ ጀርባውን ገልብጠው ይዩ

ለገና የሀገር ልብስ ካሰቡ እስከ ታኅሣሥ 29 ዋዜማ አይቆዩ። በመጨረሻው ሳምንት ወደ አዲስ አበባው የሀገር ልብስ ገበያ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣ ሰው የሚያገኘው ሌላው መርጦ የተወውን ነው፤ ዋጋውም በግፊያው ልክ ይንራል። በኅዳር መጨረሻ ሄደው በቀጥታ ለሸማኔው ይዘዙ። የጥለቱን ቀለም ራስዎ ይመርጣሉ፤ ገንዘቡም ሠሪው እጅ ይገባል።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። ጥለቱ በማሽን የታተመ፣ ከውጭ የገባ ጨርቅ ከእጅ ሥራው ጎን ተሰቅሎ ይሸጣል፤ ከሩቅ አያስታውቅም። ገልብጠው ይዩት። በእጅ የተሠራ ጥለት ከጀርባው ክሩ ሲመላለስ ይታያል፤ የታተመው ጀርባው ደብዛዛ ነው። አሁንም ከተጠራጠሩ አንዲት ክር ለምነው በክብሪት ያቃጥሏት፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ዐመድ ይሆናል፣ ሰው ሠራሹ ቀልጦ ይጠጥራል። ክሯን የሚመዙት ግን ከነጩ ይሁን እንጂ ከጥለቱ አይደለም፤ የሚያብረቀርቀው የጥለት ክር በእውነተኛው ልብስ ላይም ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ነው።

ዋጋ ላይ ብዙ ባይከራከሩ ደስ ይለኛል። ድሩ ከፋብሪካ ቢመጣም፣ ማጉ የእጅ ፈትል ከሆነ አንዲት ሴት በእንዝርት ስትደክምበት የከረመች ናት።

ቀብድ ሲከፍሉ የሚረከቡበትን ቀን በወረቀት ያስጽፉ። እኔ ሳላስጽፍ ቀርቼ አንዱን ገና ባሮጌ ነጠላ አሳልፌዋለሁ።