በአሜሪካ ፊልም ውስጥ ቻይናውያን እንዴት እንደሚታዩ አብሮ ለመመርመር

በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ወዳጆችዎን ሰብስበው የቆየ የአሜሪካ ፊልም ሲያሳዩ፣ አስቀድመው የተዋንያኑን ስም ዝርዝር ያስነብቡ፤ ቻይናዊውን ገጸ ባሕርይ ማን እንደተጫወተው ሳይታወቅ የሚደረግ ውይይት መሠረት የለውም። ለዚህ በ1937 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዘ ጉድ ኧርዝ» ይበጃል፤ ቻይናዊቷን ገበሬ የተጫወተችው ነጯ ሉዊዝ ራይነር በዚሁ ሚና ኦስካር ስትሸለም፣ ሚናውን አጥብቃ የፈለገችው የሎስ አንጀለስ ተወላጇ ቻይናዊት አሜሪካዊት አና ሜይ ዎንግ ግን ተነፍጋዋለች፤ ይህ በደል ነው። የራይነር ፊት በቅርብ ሲታይ ፊልሙን አቁመው ነጭ ተዋናይት ቻይናዊት ሆና እንዴት እንደቀረበች ያስተውሉ። ከ1882 እስከ 1943 እ.ኤ.አ. የቻይና ሠራተኞችን ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ ያገደውን ሕግም ይጥቀሱ። በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ግንባታ ከቻይናውያን ጋር የሠራ ሰው ከመካከላችሁ ካለ፣ በሥራ ላይ የሚያውቃቸውን ሰዎች በፊልሙ ካያቸው ጋር እንዲያነጻጽር የመጀመሪያውን ዕድል ይስጡት።