ባህር ዛፍሽን ራስሽ ቁረጪ፦ የሞተር መጋዝ ለጀማሪ ሴቶች

እናቴ ጓሮ ውስጥ አንድ ጥማድ የማይሞላ ባህር ዛፍ አላት። ቆራጭ በመጣ ቁጥር ዋጋ የሚቆርጠው እሱ ነው። ጉቶውን ጉልበት ድረስ አስረዝሞ፣ ልጡን ዘርጥጦ ይሄዳል። «ምን ላድርግ፣ መጋዙ የሱ!» ትላለች። የሞተር መጋዝ መማር የጀመርኩት ከዚህ ንዴት ነው።

«ጉልበት የለኝም» የምትይ ከሆነ፣ የጀማሪ መጋዝ 5 ኪሎ አካባቢ ነው። ጀሪካን ውሃ አዝላ ላደገች ሴት ይሄ ምንም አይደለም። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት ከ35 እስከ 40 ሳንቲሜትር ይበቃል። ግን ይህን አንብበሽ ብቻሽን ጫካ አትግቢ፤ የለመደ ሰው አጠገብሽ ይቁም።

መጀመሪያ ልብስ። ነጠላና ቀሚስ ቤት ይቅሩ፣ ፀጉር በሻሽ ጥብቅ ይበል። ሄልሜት ከነፊት መከለያው፣ የጆሮ መከላከያና ጫፉ ብረት ያለው ቦቲ ያስፈልጋል። የመጋዝ ሱሪም አለ፤ ሰንሰለቱ ሲነካው ውስጡ ያሉት ረጃጅም ክሮች ተመዘው ይጠመጠሙበትና ያቆሙታል። ጓንቱ በልክሽ ይሁን። የወንድ ጓንት ውስጥ ጣትሽ ከዋኘ እጀታው ያመልጥሻል።

ነዳጁ ቤንዚንና የቱ ስትሮክ ዘይት ድብልቅ ነው። አምራቹ ሌላ ካላለ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት። የሰንሰለቱ ዘይት ለብቻው ይሞላል።

መሬት ላይ አስቀምጠሽ አስነሺው። የሰንሰለቱን ፍሬን፣ ማለትም ከፊቱ እጀታ ፊት ለፊት ያለውን መከለያ፣ ወደ ፊት ግፊ። የቀኝ እግርሽን ጫፍ የኋላ እጀታው ውስጥ አስገቢ፣ የፊቱን እጀታ አውራ ጣትሽን አዙረሽ በግራ እጅሽ ያዢ፣ ከዚያ ገመዱን ሳቢ።

ለጊዜው ቆመው ያሉትን ዛፎች ተያቸው። የወደቀ ግንድ እየቆራረጥሽ ተለማመጂ። የብረቱ ጫፍ ላይኛው ክፍል እንጨት ከነካ መጋዙ ወደ ፊትሽ ይፈናጠራል፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው። ከትከሻሽ በላይም አትቁረጪ። ሰጋቱራውን ደግሞ እዪ። ፍርፋሪ ከሆነ ሰንሰለቱ ስል ነው። ዱቄት ከሆነ ደንዟል፣ ሞረድ አምጪ። እኔ የመጀመሪያ ሳምንት ክንዴ የዛለው በደነዘ ሰንሰለት ስታገል ነበር።

እጅሽ ሲለምድ ወደ ቆመው ዛፍ። ዞረሽ እዪው፦ ወዴት አዘንብሏል? ቅርንጫፍ የበዛው በየት በኩል ነው? ነፋስ ካለ ለነገ ይደር። የዛፉን ቁመት እጥፍ በሚያህል ዙሪያ ሰውም ከብትም አይኑር፤ እረኛ ልጆች ድምፁን ሰምተው ስለሚመጡ አንድ ሰው ይጠብቅልሽ። መሸሻሽንም ከመውደቂያው ወደ ኋላ በሰያፍ አጽጂ።

እንዲወድቅ በፈለግሽው በኩል የተገመሰ ሐብሐብ የመሰለ አፍ ክፈቺ። ጥልቀቱ ከግንዱ ውፍረት ሩብ አይለፍ። ከዚያ ከጀርባ፣ ከአፉ ወለል ትንሽ ከፍ አድርገሽ ቁረጪ፤ ግን አትጨርሺው። በሁለቱ መካከል የውፍረቱ አንድ አስረኛ ይቅር፤ 30 ሳንቲሜትር ግንድ ላይ 3 ሳንቲሜትር ማለት ነው። ይህ ቅሪት እንደ በር ማጠፊያ ዛፉን ይዞ ወዳሰብሽው ያስተኛዋል። እሱን ከበጠስሽ ዛፉ በራሱ ፈቃድ ይሄዳል። መጋዙ እንዳይነከስ ከኋላ የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ሽብልቅ ምቺ። ዛፉ መንቀሳቀስ ሲጀምር መሸሽ ነው። ሌላ ዛፍ ላይ ከተንጠለጠለ ሥሩ አትግቢ፣ ባለሙያ ጥሪ።

አሁን እኔን ያናደደኝ ጉቶ። ባህር ዛፍ መልሶ የሚያቆጠቁጠው ከጉቶው ስለሆነ ወደ 10 ሳንቲሜትር ዝቅ አድርጊው፤ ውሃ እንዳይተኛበት ትንሽ አጋድይው፣ ልጡም አይላጥ። ሰንሰለቱ አፈር እንዳይነካ ተጠንቀቂ፣ ወዲያው ይደነዝዛል። ቅጠሉ ለምጣድ ነው፣ አይጣልም።

ቡቃያው ሲበዛ ጠንካራዎቹን ሁለት ሦስት አስቀርተሽ ሌላውን ታነሺዋለሽ። ለዚያ ገጀራ ይበቃል። እሱን ሥራ እናቴ ለማንም አትሰጥም።