ታርጋችሁን ሳትመልሱ ኢንሹራንስ አታቁሙ

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የምንኖር ሐበሾች መኪና ስንገዛ ዋጋው ላይ አጥብቀን እንከራከራለን። ታርጋውን ግን ነገሬ አንለውም። ቅጣቱ የሚመጣው ደግሞ በታርጋው በኩል ነው።

ሰው ብዙ ገንዘብ የሚያጣበት ስህተት ይኼ ነው፦ ለ3 ወር አገር ቤት ሲኬድ መኪናውን አቁሞ ኢንሹራንሱን መሰረዝ። "ለማልነዳው መኪና ለምን እከፍላለሁ?" ይባላል። ሜሪላንድ ግን መንዳት አለመንዳታችሁን አትጠይቅም። ታርጋው በስማችሁ እስካለ ድረስ መኪናው ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቢቆምም ኢንሹራንስ ሊኖረው ግድ ነው። ስታቋርጡ ኢንሹራንስ ሰጪው ለኤምቪኤ (የሜሪላንድ የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት) ያሳውቃል፣ ቅጣቱ ቀን በቀን ይጨምራል፣ እናንተ አዲስ አበባ ከቤተሰብ ጋር ሆናችሁ ደብዳቤው እዚህ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ መጀመሪያ ታርጋውን መልሱ፤ ደረሰኝ ያዙ፤ ኢንሹራንሱን ከዚያ በኋላ ሰርዙ። ቨርጂኒያም ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ድሮ እዚያ ለዲኤምቪ (የቨርጂኒያ የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት) ክፍያ ፈጽሞ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻል ነበር፤ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ግን ቀርቷል። በድሮ ወሬ አትመሩ።

ሁለተኛው እኔም የተቀጣሁበት ነው። ኮሮላዬን ለአንድ ልጅ ሸጥኩና ስሙን እስኪያዞር ይጠቀምበት ብዬ ታርጋውን ተውኩለት። ይሉኝታ ይዞኝ ነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የቶል (የመንገድ ክፍያ) ሂሳብ በስሜ መጣ። ፎቶው ላይ መከላከያው በግራ በኩል የተላጠው የድሮ መኪናዬ አለ፣ መሀል ላይ ደግሞ የኔ ቁጥር። በሁለቱም ስቴቶች መኪናው ሲሸጥ ታርጋው ሻጩ ጋ ይቀራል። ብሎኑን ፈታችሁ ይዛችሁት ግቡ። ካሊፎርኒያ መደበኛው ታርጋ ከመኪናው ጋር አብሮ ይሄዳልና ሎስ አንጀለስ ያለ ዘመድ የነገራችሁን እዚህ አትሥሩበት።

የፊት ታርጋን ዳሽቦርድ ላይ ማስቀመጥም አለ። ፔንሲልቬንያና ሰሜን ካሮላይና የኋላ ብቻ ይበቃል። እዚህ ግን ሁለት ነው፤ ከፊትም ከኋላም በደንብ መታሰር አለበት። መኪናው የታርጋ ማሰሪያ ብራኬት ከሌለው ገዝታችሁ አስገጥሙ።

የታርጋውን ፍሬም ደግሞ ልብ በሉ። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ፍሬም እኔም እወዳለሁ። ግን የስቴቱን ስም ወይም የምዝገባ ስቲከሩን ከሸፈነ ቨርጂኒያ ውስጥ ሕገወጥ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ታርጋ ላይ የሚደረገው የፕላስቲክ መሸፈኛ፣ ጥርት ብሎ የሚያሳየው እንኳ፣ አይፈቀድም።

በኢንተርኔት የሚሸጥ የወረቀት ታርጋ በፍጹም አትግዙ። ያ የትራፊክ ቲኬት ብቻ አይደለም፣ ወንጀል ነው፤ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ያለው ሰው ደግሞ ዳፋው ሊከብደው ይችላል።

ከስቴት ስቴት ቤት የቀየራችሁም ቀኑን ቁጠሩ። ሜሪላንድ አዲስ ነዋሪ ታርጋ እንዲቀይር 60 ቀን ይሰጣል፣ ቨርጂኒያ 30 ብቻ። የመኪና ታክስ ለመሸሽ ብላችሁ ቨርጂኒያ ፌርፋክስ ካውንቲ እየኖራችሁ የሜሪላንድ ታርጋ ይዛችሁ ብትቆዩ፣ ካውንቲው ታክሱን ትቶላችሁ አይደለም፤ የቨርጂኒያ ታርጋ ባለማውጣታችሁ ለብቻው ያስከፍላችኋል።