አጀማመሩ ያልሰመረለትን ስትራቴጂ ጌም የሚወዱ ሰዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክሪኤቲቭ አሰምብሊ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ «ቶታል ዋር፦ ሮም 2» የተሰኘውን፣ በጥንቱ የሮማውያን ዘመን ሠራዊት የምንመራበትን ስትራቴጂ ጌም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 2013 ሲያወጣ፣ ብዙ ሲወራለት የቆየው ጌም የሚንቀራፈፍ፣ በየመሐሉ የሚዘጋ፣ ኮምፒውተሩ የሚያዛቸው ሠራዊቶችም ከተማ ከበው ግራ እንደተጋቡ የሚቆሙበት ሆኖ ተገኘ። ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ ማሻሻያዎችን በላይ በላዩ ማውጣት ጀመረ፤ በ2014 «ኢምፐረር ኤዲሽን» የተባለውን የታደሰ እትም ቀድመው ለገዙት በነጻ ሰጠ፤ ተጫዋቾች ከመጀመሪያው ጀምሮ «የት ሄደ?» እያሉ ሲጠይቁት የነበረው፣ የመሪዎቹን ቤተሰብ ትውልድ የሚያሳየው የዘር ሐረግ ገጽ ደግሞ በ2018 ተመለሰ። ለአምስት ዓመት ያህል አንድን ሥራ ሳይተዉ የያዙትን ሰዎች አከብራለሁ። ይሁንና እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ ከጓደኞቼ ጋር ማኪያቶ ይዘን ስንከራከር፣ በሚወቅሱትም ሆነ እንደ እኔ በሚያደንቁት ዘንድ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች አሉ።

ከሁሉ የሚብሰው በፍላሽ ተገልብጦ በመጣ አሮጌ ቅጂ ሠሪዎቹን መፍረድ ነው። የአክስቴ ልጅ «ሮም 2»ን የተጫወተው ከጓደኛው ላፕቶፕ ገልብጦ ሲሆን፣ ለሁለት ሳምንት ያህል «እነዚህ ሰዎች ሳይጨርሱ ነው የሸጡልን» እያለ ሲያማርር ሰነበተ። አንድ ቀን ማራኪ ሰፈር ከሚገኘው ቤቱ ሄጄ የጌሙን መግቢያ ገጽ ስናየው፣ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው የእትም ቁጥር ጌሙ በወጣበት ሰሞን የነበረው መሆኑን ተረዳን፤ እርሱ የሚራገምበት ችግር ከዓመታት በፊት ተስተካክሎ ነበር፤ «ሸጡልን» ያለውም ቢሆን አንድ ሳንቲም አልከፈለበትም። በእርግጥ በውጭ ገንዘብ የሚከፍል ካርድ የሌለን ብዙዎች በመሆናችን፣ ወይ ውጭ ያለ ዘመድ እንዲገዛልን እንለምናለን ወይ እንገለብጣለን። ችግሩ ይገባኛል። ነገር ግን የገለበጠ ሰው ቢያንስ የያዘው የትኛው እትም እንደሆነ ሳያይ አፉን ባይከፍት መልካም ነው።

የራስን ማሽን ጥፋት ለጌሙ መስጠትም አለ። ግራፊክስ ካርድ የሌለው፣ ማራገቢያው በአቧራ የታፈነ ላፕቶፕ በሺህ የሚቆጠር ወታደር አንድ ሜዳ ላይ ሲሰለፍ ቢንገዳገድ የሚደንቅ አይደለም፤ መብራት በድንገት ጠፍቶ የተበላሸ ሴቭም (ጨዋታው የደረሰበትን የሚያስቀምጠው ፋይል) የማንም ጥፋት አይደለም።

ሌላው ስህተት ኮዱን የሚጽፈውንና የሚወጣበትን ቀን የሚቆርጠውን አንድ አድርጎ መስደብ ነው። ጌሙን የሚሠራው ስቱዲዮና ገንዘቡን የሚያወጣው አሳታሚ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው፤ ስለዚህ ያልበሰለ ጌም ወደ ገበያ ሲወጣ፣ አለመብሰሉን ከማንም በላይ የሚያውቁት ቀኑን ለማራዘም ሥልጣን የሌላቸው ሠራተኞች ሊሆኑ ይችላሉ። የካናዳው ሬሊክ «ካምፓኒ ኦቭ ሂሮስ 3»ን በፌብሩዋሪ 2023 አወጣ፤ ጌሙ ብዙ ትችት ገጠመው፤ በሜይ ደግሞ ስቱዲዮው 121 ሠራተኞቹን አሰናበተ። አሳታሚው ሴጋ ነበር። ብስጭታችንን ስንጽፍ የሚያነበው ማን እንደሆነ፣ ነገስ በሥራው ላይ ይኖር እንደሆነ ማሰብ አይከፋም።

ወደ አድናቂዎቹ ስመለስ፣ የእኛ ስህተት እንከን መሸፈን ነው፤ እኔም ከዚህ ነጻ አይደለሁም። «ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ 3» ታድሶ ከወጣ በኋላ በ2021 በመጣው «ዘ አፍሪካን ሮያልስ» ማስፋፊያ ኢትዮጵያውያን ተጫዋቹ ሊመራቸው ከሚችሉት ሕዝቦች ጋር ሲጨመሩ፣ መናገሻ ከተማቸው የተደረገችው ጎንደር ናት። በየቀኑ በግንቡ ሥር የሚያልፍ ሰው የከተማውን ስም በዚያ ስክሪን ላይ ሲያነብ ምን እንደሚሰማው መግለጽ ያስቸግረኛል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ማንም ስለዚያ ጌም እንከን ሲያነሳ ነገሩን ሳልሰማ መከራከር ጀመርኩ። ስማችንን ስለጠሩልን ብቻ ሥራቸው እንከን አልባ አይሆንም። እንዲያውም ዝም የሚል አድናቂ ሠሪዎቹን ይጎዳል፤ ምክንያቱም የዘር ሐረጉ ወደ «ሮም 2» ሊመለስ የቻለው ጌሙን የሚወዱ ሰዎች ሳይሰለቹ ስለጠየቁ ነው።

«ጊዜ ስጡት እንጂ ይስተካከላል» ብሎ በእርግጠኝነት መናገርም እንዲሁ ስህተት ነው። የስዊድኑ ፓራዶክስ በ2019 ያወጣው «ኢምፐሬተር፦ ሮም» መጀመሪያ ላይ ተጫዋች ሸሸው፤ በፌብሩዋሪ 2021 የወጣው 2.0 ማሻሻያ ጌሙን ከሥሩ ለውጦ ብዙ ምስጋና አገኘ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ሥራው እንዲቆም ተደረገ። የተስተካከለውን ጌም ዛሬም እጫወተዋለሁ። ቢሆንም ገና ያልተጠገነ ጌም እንዲገዛ ሰው መገፋፋት ትቻለሁ፤ በተለይ ውጭ ያለ ዘመዱን ለምኖ የሚያስገዛ ከሆነ፣ ሁለትና ሦስት ማሻሻያ እስኪወጣ ቢጠብቅ እመርጣለሁ።

በመጨረሻ የማነሳው ችግርን አድበስብሶ ማመልከትን ነው። ያው የአክስቴ ልጅ በኋላ አጎቱ ከውጭ የገዛለት ሌላ ጌም ላይ ስህተት ሲያገኝ ለሠሪዎቹ የጻፈው «ጌሙ አይሠራም፣ አስተካክሉ» የሚል አንድ መስመር ነበር። እንዲህ ያለው መልእክት ለሚጠግነው ሰው ምንም አይነግረውም፤ ፕሮግራመሩ ስህተቱ በራሱ ማሽን ላይ ሲደገም ካላየው ሊያርመው ይቸገራል። ቁጭ ብለን እንደገና ጻፍነው፦ የእትሙ ቁጥር፤ የኮምፒውተሩ ዓይነት፤ ስህተቱ በ143ኛው ተራ፣ ወደብ ያለው ከተማ ተከቦ ሳለ መርከቦቹን ወደ ኋላ ሲመልስ እንደደረሰ፤ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስቱንም ጊዜ ጌሙ እንደተዘጋ። ሴቩን አያይዘን ለመላክ የቀን ጥቅሉ ስላልበቃን እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ ጠብቀን በሌሊት ጥቅል ላክነው። «አመሰግናለሁ» የሚለውን ቃል ከመጨረሻው መስመር ላይ የጨመረው እርሱ ራሱ ነው።