ስለ ዘይትና ስለ ሰውነት ስብ ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

ስህተቱ የሚጀምረው የሰውነትን ስብ እንደ ጎተራ ከማየት ነው። ጎተራ ዝም ብሎ ያስቀምጣል፤ የስብ ሴል ግን ሆርሞን ያመነጫል። ረሃብን የሚያበርደው ሌፕቲን ከዚያ እንደሚመነጭ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ሴሉ ከአቅሙ በላይ ሲወጠር ይሞታል። ማክሮፋጅ የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች በድኑን ከበው ሲያጸዱ ቲኤንኤፍ-አልፋና ኢንተርሉኪን-6 የሚባሉ ብግነት ቀስቃሽ ፕሮቲኖችን ይለቃሉ። ዝግ ያለ ብግነት የሚባለው ይህ ነው፤ አያምም፣ አያተኩስም፣ ግን የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን የኢንሱሊንን ሥራ ያዳክማል።

«ምግብ ጂን ይቀይራል» የሚለውም ልክ አይደለም። ቅባት በጂኑ ላይ የተጻፈውን አይነካም፤ የትኛው ጂን ሥራ ይጀምር፣ የትኛው ይረፍ በሚለው ላይ ግን እጁ አለበት። በስብ ሴል ኒውክለስ ውስጥ ፒፒኤአር-ጋማ የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ፋቲ አሲድ (ቅባት የሚሠራበት ንጥረ ነገር) ሲጣበቅበት ስብ በአግባቡ እንዲከማች የሚያደርጉ ጂኖችን ያስነሳል። የዓሣ ዘይት ኦሜጋ-3 የሚባለው ፋቲ አሲድ ደግሞ ጂፒአር120 በተባለ መልእክት ተቀባይ ፕሮቲን በኩል የብግነት ጂኖችን ያበርዳል። በፓልም ዘይት ውስጥ የበዛው ፓልሚቲክ አሲድ ተቃራኒውን ይገፋል።

ከሁሉም የሚጎዳው «ካልወፈርኩ የዘይቱ ዓይነት ምን ያደርገኛል?» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ የስዊድን ጥናት ክብደታቸው ጤናማ የሆነ 39 ወጣቶች ለ7 ሳምንት ከምግባቸው በላይ ኬክ በሉ፤ የአንዱ ቡድን ኬክ በፓልም፣ የሌላው በሱፍ ዘይት የተጋገረ ነበር። ሁለቱም ቡድኖች በአማካይ እኩል 1.6 ኪሎ ጨመሩ። በፓልሙ ቡድን ግን በጉበትና በሆድ ዕቃ ዙሪያ የተከማቸው ስብ በግልጽ በለጠ፤ ከቆዳ ሥር ባለው ስብም የጂኖቹ ሥራ ከሌላው ቡድን ተለየ።

ሳይለኩ ከጀሪካን ማፍሰስ ሌላው ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት በወር 5 ሊትር ከጨረሰ ለአንድ ሰው በቀን 31 ግራም ገደማ ይደርሰዋል። የሚረጋው ፓልም ከሆነ ግማሹ ሳቹሬትድ (የሚረጋው ዓይነት) ቅባት ነው፤ 15 ግራም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2,000 ካሎሪ የሚፈቅደው ጣሪያ 22 ግራም ነው፤ ቅቤና ሥጋ ገና አልተቆጠሩም። ሽንኩርቱን በደረቁ፣ ጠብ ጠብ እያደረጉበት በውኃ ያቁላሉ፤ ዘይቱን በኋላ በሾርባ ማንኪያ እየለኩ ይጨምሩ። አንዱ ማንኪያ 14 ግራም፣ 120 ካሎሪ ነው።

ኑግንና ሱፍን «ኦሜጋ-6 ስላለው ብግነት ያመጣል» ብሎ መሸሽ አያስፈልግም፤ በሰው ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ይህን አላሳዩም።

ተልባ ላይ ደግሞ የሚያሳዝን ብክነት አለ። ፍሬውን ዘፍዝፎ ውኃውን ብቻ የሚጠጣ ሰው የሚያገኘው ልጋጉን ነው፤ ዘይቱ ከፍሬው ጋር ይጣላል። ሳይፈጭ የተዋጠም እንዳለ ይወጣል። ለሳምንት የሚበቃ ብቻ ፈጭተው፣ በተከደነ ጠርሙስ ፍሪጅ ያስቀምጡ፤ በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት 1.6 ግራም ገደማ ኦሜጋ-3 ይሰጣል። ሰውነት ከዚህ ወደ ዓሣው ዓይነት የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ስለሆነ፣ ዓሣ የሚበላ ሰው በተልባ ምክንያት ዓሣውን አይተው።

በመጨረሻ፣ በአንድ የሲአርፒ (በደም ውስጥ የብግነት ምልክትን የሚለካ) ምርመራ ብቻ «የስቤ ብግነት ነው» ብሎ መደምደምም ስህተት ነው። ውጤቱ በሊትር ከ10 ሚሊግራም ካለፈ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ጉንፋን፣ የጥርስ ቁስል ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ነው፤ ከዳኑ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይድገሙት።